ቪቴው ይሙት፣ ቀዳዳው ይዳን

የአሉሚኒየም ዝገት ነጭ ነው። የትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ በአንዳንዱ ቪቴ ጭንቅላት ዙሪያ ቀለሙ በጥቂቱ ተነፍቶ ከሥሩ ደቃቅ ነጭ ዱቄት ብቅ ብሎ ያገኛል። ተሳፋሪ ቢያየው አቧራ መስሎት ያልፈዋል። ቴክኒሻን ግን ያቺን ዱቄት ሲያይ በእነዚያ ቪቴዎች የተያዘውን የክንፍ ክዳን መክፈት የሃያ ደቂቃ ሥራ እንደማይሆን ወዲያው ይገባዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ሁለት የማይስማሙ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ከመኖራቸው ነው። የክንፉ ላሜራ አሉሚኒየም ነው፤ ቪቴው ብረት። በመካከላቸው እርጥበት፣ በተለይ ጨው ያለበት እርጥበት ሲገባ ባትሪ ውስጥ የሚካሄደው ዓይነት ፍሰት ይፈጠርና አሉሚኒየሙ መበላት ይጀምራል። ይህን ለማብረድ ፋብሪካው ቪቴውን በካድሚየም ይለብጠዋል። ካድሚየም በጠባዩ ለአሉሚኒየም ስለሚቀርብ ጠቡን ያቀዘቅዛል፤ ራሱ ቀድሞ እየተበላም ብረቱን ይጠብቃል። ዓመታት አልፈው ልባሱ ሲያልቅ ግን ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ብረቱም በቀዩ፣ አሉሚኒየሙም በነጩ ይዝጋሉ። ዝገት ደግሞ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ቀዳዳው ይጠባል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሞላል፣ ቪቴውና ላሜራው ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ።

ከጀርባ ያለውን ደግሞ ማየት አይቻልም። ክዳኑ በሚያርፍበት ጠርዝ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ኋላ፣ አንድ ትንሽ ዳዶ በሁለት ቀጫጭን ሪቬቶች ተመትቶ ተቀምጧል። እጅ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ ዳዶውን አጥብቀው የሚይዙት እነዚያ 2.4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ሪቬቶች ብቻ ናቸው። ቪቴው እምቢ ባለ ጊዜ ኃይል ከተጨመረበት ሪቬቶቹ ይበጠሳሉ፤ ዳዶው ከቪቴው ጋር አብሮ መሽከርከር ይጀምራል። ያኔ ቪቴው ሲያዞሩት ቢውሉ ይዞራል እንጂ አይወጣም።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቪቴ ዋጋ ሳንቲሞች ነው፤ ከካርቶን ውስጥ ሌላ ይወጣል። የሚገባበት ቀዳዳ ግን የአውሮፕላኑ ገላ ነው። ላሜራው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ የቪቴው ጭንቅላት ተስተካክሎ እንዲቀመጥም በ100 ዲግሪ አንግል ተጎድጉዷል። ያ ጉድጓድ አንዴ ከተቧጨረ፣ ሞላላ ከሆነ ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። ጀማሪ ከቪቴው ጋር ይታገላል። ዋና ባለሙያ ቀዳዳውን ይጠብቃል፤ የሚያነሳውን መሣሪያ ሁሉ የሚመርጠው ቀዳዳው ላይ በሚያመጣው አደጋ ቅደም ተከተል ነው። ትንሹን አደጋ ያስቀድማል፣ ትልቁን ወደ ኋላ ያቆየዋል።

ይህን ሥራ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ባለች አነስተኛ ሀንጋር ውስጥ፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተምረው ዕድሜያቸውን አሜሪካ በሠሩ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን እጅ ላይ አይቼዋለሁ። አጠገባቸው ያለው ወጣት ረዳት ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ሴስና 172 ነበር። ይህ ዓይነት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለገበያ ቀርቦ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በዓለም ላይ ከእሱ በላይ በብዛት የተሠራ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ በዚህ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ አንድ ቴክኒሻን የሴስና ክንፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ከዛገ ቪቴ ጋር እየተያየ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ክንፉ እንዲከፈት ያስፈለገው ከታች በኩል በላሜራው ስፌት ላይ ሰማያዊ ምልክት ስለታየ ነው። የትንንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ሲያንጠባጥብ ቤንዚኑ ተንኖ ይጠፋና ቀለሙ ይቀራል። በዚህ ሞዴል ላይ ታንኩ የተቀመጠው ክንፉ ውስጥ ነው፤ ወደ እሱ ለመድረስ ከላይ ያለውን ሰፊ ክዳን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ደግሞ ዙሪያውን በበርካታ ደርዘን ቪቴዎች ተይዟል።

ጋሼ ካቻቪቴ ከማንሳታቸው በፊት ታንኩ ተራግፏል፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሏል፣ አውሮፕላኑ በሽቦ ከመሬት ጋር ተያይዟል፣ የሀንጋሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የባሰ ነው፤ ውስጡ የሚቀረው ትነት ነውና። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድሪልና የሙቀት መሣሪያ ከክንፉ እንዲርቅ ተደረገ። በሌላ ቦታ ቢሆን ሙቀት ትልቅ እርዳታ ነው። የብየዳ ብረት ጫፍ የቪቴው ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በዚህ መካከል የዝገቱ ማሰሪያ ይሰነጠቃል። እሳት ግን የትም ቦታ አይፈቀድም። ካድሚየም ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፤ አሉሚኒየሙም በፋብሪካ ሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ በሙቀት መልሶ ያጣል።

ከዚያ ዕይታ መጣ። ቪቴዎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ባትሪ መብራት አዩዋቸው። እኔ በመጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ሁሉም ባለ መስቀል ጭንቅላት ናቸው፣ ምን ይታያል? ለካ መስቀል ሁሉ አንድ አይደለም። የፊሊፕስ መስቀል መሐሉ ሰፋ፣ ጫፉ ደልደል ያለ ነው። ሪድ ኤንድ ፕሪንስ የሚባለው በአንዳንድ አሮጌ አውሮፕላን ላይ የሚገኘው ደግሞ ጥርት ያለ መስቀል ሆኖ ወደ ታች ይሾላል። የአንዱን ካቻቪቴ ለሌላው ያነሳ ሰው ቪቴውን ገና ሳያዞረው ገድሎታል።

ፊሊፕስም ቢሆን ለአውጪ የሚመች ቅርጽ አይደለም። የኦሪገኑ ሰው ሄንሪ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ለመኪና ፋብሪካዎች ነበር፤ መጀመሪያ የተጠቀመበትም ካዲላክ ነው። በፍጥነት ለሚያጠብቅ ማሽን ግሩም ነገር ነው፤ ጫፉ ራሱ መሐሉን ፈልጎ ይገባል። ግን የመስቀሉ ግድግዳዎች ዘመም ያሉ ስለሆኑ ጥምዘዛው ሲበረታ ካቻቪቴውን ወደ ውጪ ይገፉታል። ተንሸራትቶ በወጣ ቁጥር ከግድግዳው ትንሽ ይላጫል፤ የተላጨው ግድግዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ያንሸራትታል። ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የእልኸኛው ዕዳ የሚያርፈው ላሜራው ላይ ነው። ያመለጠ ካቻቪቴ ቀለሙን ሰንጥቆ የሚያሰምረው መስመር ምንጊዜም ይታያል።

ስለዚህ ጋሼ የመጀመሪያውን ሰዓት በሙሉ ያጠፉት አንድም ቪቴ ሳያዞሩ ነው። በየመስቀሉ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቀለም ሹል ባለ መርፌ መሰል መሣሪያ ጠርገው አወጡ። በየጭንቅላቱ ዙሪያ በስለት ቀጭን መስመር አበጁ፤ ቀለሙ ሲላቀቅ በሰፊው ተገንጥሎ እንዳይነሳ። ከዚያ ዝገት ውስጥ ሰርጎ የሚገባውን ቀጭን ዘይት በጠብታ በየጭንቅላቱ ጠርዝ አደረጉ። ብዙ ሰው ለዚህ የሚያነሳው ደብልዩ ዲ-40ን ነው። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ለሮኬት ኢንዱስትሪ የተቀመመው እርጥበትን እንዲያባርር ነው፤ የደረቀ ዝገት ውስጥ ጠልቆ ለመግባት ከሱ የተሻሉ አሉ። ጠብታዎቹን እንደጨረሱ እጃቸውን ጠርገው ሌላ ሥራ ያዙ። ዘይቱ ሌሊቱን ይሥራ።

በማግሥቱ ያደረጉት ነገር ከሁሉ በላይ አስደንቆኛል። ዘይቱ የሚፈለገው ጥርሱ ላይ ነው፤ መስቀሉ ውስጥ ከቀረ ካቻቪቴውን ያንሸራትታል። ስለዚህ ትናንት በዘይት ያራሱትን ዛሬ በሟሟ በነከሩት ጨርቅ ጫፍ እያንዳንዱን መስቀል አደረቁ። የንፋስ መከላከያው መስታወት አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ጨርቁን ቀየሩ፤ መስታወት የምንለው አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው፣ ኃይለኛ ሟሟ ከነካው በደቃቅ ስንጥቅ ይሞላል። ቀጥሎ አዲስ ቢት ከማሸጊያው አወጡ። አሮጌ ቢት ያለው የሥራ ቦታ ብዙ አይቻለሁ፤ እኔ ግን የአንድን ሀንጋር ጥራት መለካት ብፈልግ የቢት ሣጥኑን ከፍቼ ባየው ይበቃኛል። ጠርዙ የዶለዶመ ቢት የገባበትን ቪቴ ሁሉ ያጠፋል።

ቢቱን መስቀሉ ውስጥ አስገብተው በቀላል መዶሻ ጠቅ ጠቅ አደረጉት። ምቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቢቱን እስከ ግርጌው ያስቀምጠዋል፣ የዝገቱንም ማሰሪያ ያናጋል። ከዚያ እንደ ክራንክ የታጠፈውን ረጅም እጀታ ያዙ፤ ደረታቸውን እላዩ ላይ አሳርፈው፣ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ጥቂት ገፋ አደረጉት። ዝገት በሁለቱም አቅጣጫ ይሰበራል፤ በማጥበቂያው በኩል ያለው የመስቀሉ ግድግዳ ደግሞ ከተገጠመበት ቀን ወዲህ እምብዛም ስላልተነካ ጥንካሬው አለው። ከዚያ ወደ መፍቻው ሲመልሱት አብዛኞቹ ቪቴዎች አንድ አጭር ደረቅ ድምፅ አሰምተው ለቀቁ። ያ ድምፅ ጥሩ ዜና ነው። ሳይጮህ እንደ ላስቲክ የሚለመጥ ቪቴ ግን አንገቱ እየተጠመዘዘ ነው፤ እሱ ላይ ወዲያው ቆሙ።

በለቀቁትም ላይ አልሮጡም። ሩብ ዙር ወደ ውጪ፣ ግማሽ ሩብ ወደ ውስጥ፣ እንደገና ሩብ ወደ ውጪ። የተፈጨው ዝገት በጥርሶቹ መካከል ተጠርጎ እንዲወጣ ነው። በአንድ ጊዜ ተስቦ የሚወጣ ቪቴ ፍርስራሹን እየገፋ ሄዶ እንደገና ይነክሳል፤ መውጫው ላይ ሊደርስ ሲል ይያዛል፤ ዳዶውን የሚጨርሰውም ያን ጊዜ ነው።

ቀኑ ሲጋመስ የቀሩት በኋለኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ የዝናብ ውኃ ተንሸራትቶ የሚያርፍባቸው። ለእነዚህ የቢቱን ጫፍ የሞተር ቫልቭ ማለስለሻ ሻካራ ቅባት ቀቡት፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋማ ነገር ቢቱንና ግድግዳውን ያነካክሳል። እጀታው ብቻውን አልበቃ ሲል በነፋስ ግፊት የሚሠራውን የሪቬት መዶሻ አመጡ። ጫፉ ላይ ቢት ይገባበታል፤ ከቢቱ ጎን ደግሞ አጭር የብረት ዘንግ ይወጣል። ግፊቱን በጣም ዝቅ አደረጉት። ቀኝ እጃቸው መዶሻውን ይጫናል፣ ግራቸው ዘንጉን በሁለት ጣት ብቻ ይስባል። ረዳቱ ዘንጉን በመዳፉ ሙሉ ጨብጦ ሲሞክር አስቆሙት። የሚሠራው ንዝረቱ ነው፤ ዘንጉ ያለው ቪቴው ፈቃደኛ የሆነበትን ቅጽበት ለጣት እንዲነግር ነው። ሙሉ መዳፍ ያን አይሰማም።

አንዱ ቪቴ ለዚህም እምቢ አለ። ጋሼ መዶሻውን አንስተው በመብራቱ አዩት። ከመስቀሉ አራት ክንፎች በአንደኛው ላይ ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር ወጥቷል፤ ግድግዳው መላጨት ጀምሯል። መሣሪያውን አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ልሞክረው?» አለ ልጁ።

«ተው የኔ ልጅ። አሁን ያለው መስቀል ለድሪሉ መሪ ይሆነናል። እሱን ካጠፋነው መሪም አይኖረን።»

ለእኔ የዚህ ሙያ ከፍተኛው ደረጃ ይሄ ውሳኔ ነው። ድሪል ሽንፈት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ መስቀሉ ክብ ጉድጓድ እስኪሆን ይታገልና ተሸንፎ ወደ ድሪል ይሄዳል። ያን ጊዜ ፑንታው መሐሉን የሚይዝለት ነገር አጥቶ ይንሸራተታል፤ ቪቴው ብረት፣ ዙሪያው ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነም የሚበሳው አሉሚኒየሙን ነው። ገና መስቀሉ ደህና ሳለ የተጀመረ ድሪል ግን ሥርዓት ያለው ሥራ ነው።

በነፋስ የሚሠራውን ድሪል ያዙ፤ ብልጭታ የለውም። መጀመሪያ ቀጭን ፑንታ፣ በዝግታ። ረዳቱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ሆነን ፑንታው ቀጥ ማለቱን እንድንነግራቸው አደረጉ፤ ከላይ የሚያየው ዓይን ራሱን ያታልላል። የቪቴው ግንድ ውፍረት 4.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቀጣዩን ፑንታ ከሱ በትንሹ ያነሰ መረጡ። ጭንቅላቱ ከግንዱ የሚለይበት ጥልቀት ላይ ሲደርሱ ቀለበት የምታህል ብረት ፑንታው ላይ ተጠምጥማ መዞር ጀመረች። ጭንቅላቱ ተቆርጦ መውጣቱ ነው። ድሪሉ ቆመ፤ ከዚያ በላይ አንድ ዙር ቢጨምር የሚነካው ላሜራውን ነበር። ጋሼ ጥፍራቸውን በጉድጓዱ ዙሪያ አዞሩ። የ100 ዲግሪው ዘመም ያለው ገጽ የፋብሪካ አጨራረሱ እንዳለ ነበር።

ክዳኑ ተነሳ። የቪቴው ግንድ ከዳዶው ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። በግሪፕ ፒንሳ ያዙትና ምንም ሳያስቸግር ዞሮ ወጣ! ትግሉ ሁሉ ጭንቅላቱና ጉድጓዱ ላይ ነበር፤ ጥርሱ ብዙም አልተያዘም። ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው አሉ። የሚያንጠባጥበው ነገርም ተገኘ፤ የታንኩ የጎማ ቱቦ በመጋጠሚያው ላይ ደርቆ ተሰንጥቋል። እሱን መቀየር የአጭር ጊዜ ሥራ ሆነ።

ከድሪሉ የወጣውን የብረት ፍቅፋቂ ግን ለረዳቱ አልተዉም። በማግኔትና በመምጠጫ ራሳቸው ለቀሙት። አሉሚኒየም ላይ ተሰክታ የምትቀር ቅንጣት ብረት የሚቀጥለው ዝገት ዘር ናት። የብረት ሱፍም ሆነ የብረት ብሩሽ አሉሚኒየም ላይ የማይደረገው ለዚህ ነው።

ይህን ጥንቃቄ የት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ስለ እርሻ አውሮፕላን አጫወቱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የባሕር ጨው አይደርስባትም፣ ረጅም የበጋ ወራትም አላት፤ ለአውሮፕላን ገላ የምትስማማ ከተማ ናት። መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ግን ባሕሩን በሆዱ ተሸክሞት ይዞራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ አግ-ካት የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የእርሻ አውሮፕላን «እሸት» በሚል ስም ይገጣጥም ነበር። የዚህ አውሮፕላን የጎን ላሜራዎች በቶሎ ተነቅለው ውስጡ በውኃ እንዲታጠብ ሆነው የተሠሩ ናቸው። አውሮፕላኑን የነደፈው ሰው የቪቴን ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያልታጠበ የመርጨት ኬሚካል አንድን ቪቴ ምን እንደሚያደርግ ያየ ቴክኒሻን ፍሎሪዳ ቢሄድ አዲስ ነገር አይገጥመውም።

መልሶ መግጠም ላይ አንድ ክርክር ተነሳ። የአውሮፕላኑ ባለቤት የማይዝግ ብረት ቪቴ ገዝቶ አምጥቶ ነበር፤ ያምራል፣ ቀይ አይሆንም፣ ብዙ ባለቤቶችም ይወዱታል። ጋሼ አልተቀበሉትም፤ እኔም እሳቸው ልክ ናቸው ባይ ነኝ። የማይዝገው ቪቴ ራሱ አይበላም እንጂ አሉሚኒየሙን ከካድሚየም ልባሱ የባሰ ያስበላዋል። ቪቴው እያብረቀረቀ ቀዳዳው ያልቃል። በዚያ ላይ የክንፍ ክዳን ጭነት ሊሸከም ስለሚችል የቪቴው ዓይነት በአምራቹ የዕቃ ዝርዝር ላይ ተጽፏል፤ የጥገና መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ቴክኒሻን ከዚያ የመውጣት ፈቃድ የለውም።

አዲሶቹን ባለ ካድሚየም ቪቴዎች አንድ በአንድ ዝገት የሚከላከል ቅባት በስሱ እየነካኩ፣ ሁሉንም መጀመሪያ በጣት ብቻ አስጀመሯቸው። አንድም ቪቴ አልጠበቀም፣ ሁሉም ጥርሱን በትክክል መያዙ እስኪረጋገጥ። በጣት ያልሄደው አንዱ ተመልሶ ወጣ፣ ዳዶው ተጠረገ፣ እንደገና ገባ። ከዚያ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተሻገሩ በእጅ አጠበቁ። የወጡት አሮጌ ቪቴዎች፣ ደህና የሚመስሉትም ጭምር፣ በሙሉ ተጣሉ። ብዙ ቦታ በጣሳ ተሰብስበው «ለክፉ ቀን» ይቀመጣሉ፤ ግማሽ ልባሱ ያለቀ ቪቴ መልሶ መግጠም ለሚቀጥለው ቴክኒሻን ችግሩን ቀጠሮ ይዞ መተው ነው።

ጋሼ መሰላሉን ወደ ግራው ክንፍ አዞሩና በመብራታቸው የኋለኛውን ጠርዝ ተከትለው አዩ። እዚያም ነጩ ዱቄት ጀምሯል። ረዳቱን ሌላ ካርቶን ቪቴ እንዲያዝዝ ነገሩት፤ ዘይቱን ግን ዛሬውኑ ማታ።